ትራስጌ ያደረው መጽሐፍ

ዛሬ ከፍቅርም፣ ከትዳርም፣ ከኩርፊያም ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ንባብና ስለ ጽሑፍ ልንጫወት ነው። «እኔ ደራሲ አይደለሁ፣ ምን አገባኝ» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ! ልብ ወለድ ባትጽፉ ለወደዳችሁት ሰው መልእክት ትጽፋላችሁ። ነገሩ ሁላችንንም ይነካል።

እናላችሁ፣ ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው ስሜ ይቆይልኝ ስላለ ይቆይለት። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ዕድሜዬ 22 ነው። አጫጭር ልብ ወለድ እሞክራለሁ። ችግሬ ምን መሰለሽ? የማነበው ሁሉ ይጋባብኛል። ስብሐትን ሳነብ እንደ ስብሐት እጽፋለሁ። አዳም ረታን ሳነብ ዓረፍተ ነገሬ ይረዝምና ጅራቱ ይጠፋኛል። ባለፈው ወር አንድ ታሪክ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው አንደኛው ‹ቆይ፣ ይሄን የት ነው ያነበብኩት?› አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አልሰረቅሁም፣ እምልልሻለሁ! አሁን የወሰንኩት የራሴን ድምፅ እስካገኝ ማንበብ ማቆም ነው። 40 የሚሆኑ መጻሕፍት አሉኝ፤ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ጋር በዋጋ ተስማምተናል። የቀረኝ ማስረከብ ብቻ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ወንድሜ፣ ነጋዴው ቤትህ ሳይደርስ ይሄ ጋዜጣ እንዲቀድመው እየጸለይኩ ነው። አትሽጥ! ለምን እንደምልህ ለማስረዳት ግን የራሴን ገመና ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ምን ይደረግ፣ የዚህ ዓምድ ሥራ ይሄው ነው።

የእትዬ ታሪክ

ታላቅ እህት አለችኝ። «እትዬ» ነው የምላት። እኔ የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤይሩት ሄደች። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። የለበስኩት ዩኒፎርም፣ የጻፍኩበት ደብተር፣ የበላሁት ምሳ የእሷ ላብ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በእሷ ነው። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር እንኳ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

ስለዚህ መጻፍ ስጀምር መጀመሪያ ያሰብኩት የእሷን ታሪክ መጻፍ ነበር። ብድር መመለሻ ይመስል! በልቤ፣ «ታትሞ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ‹ለእትዬ› ብዬ እሰጣታለሁ» እል ነበር።

በዚያ ሰሞን ትራስጌዬ የነበረው አንድ ወፍራም የትርጉም የፍቅር መጽሐፍ ነው። ከሰፈራችን መጽሐፍ አከራይ በቀን ሂሳብ የወሰድኩት ስለሆነ ሌት ተቀን ነው ያነበብኩት። እና ምን ሆነ? የእኔዋ ባለታሪክ ቤይሩት ውስጥ ከፎቅ መስኮት ቆማ ባሕሩን ታያለች። ነፋሱ ፀጉሯን ይበትነዋል። አንዲት የእንባ ዘለላ ጉንጯ ላይ ትወርዳለች። ጎረቤት ደግሞ ዓይኑ ግራጫ የሆነ ሐኪም አለ። ወይ ጉድ! እኔ በሕይወቴ ግራጫ ዓይን ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

መጽሐፉን መለስኩና ስብሐት ገብረእግዚአብሔርን ያዝኩ። ሁለተኛው ረቂቅ ተጀመረ። አሁን ባለታሪኳ የምታፍረው ነገር ጠፋ። የሰማችውን ሁሉ በግልጽ ትናገራለች፣ በሁሉም ትስቃለች፣ ታጨሳለች። እትዬ በዕድሜዋ ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም፤ በእኔ ረቂቅ ላይ ግን በቀን ግማሽ ፓኮ ትጨርሳለች።

ከዚያ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሁለተኛ ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ረቂቅ! የአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ልጅ የነበረችው ባለታሪክ በአንድ ሳምንት የጎጃም እመቤት ሆና አረፈችው። የቤይሩቷን ማዳም በምሳሌያዊ አነጋገር ትገስጻት ጀመር። ማዳሟም በምሳሌ ትመልስላታለች። ሁለቱም አማርኛቸው ይጥማል። ቤይሩት መሆናቸውን ግን ማንም አያውቅም።

ምን አለፋችሁ፣ በሁለት ዓመት ሦስት ረቂቅ ጻፍኩ። ሦስቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ። እኔ ሦስቱንም እትዬ ናቸው ብዬ አምኜ ነበር።

አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ እትዬ «እስቲ ያን የምትጽፊውን ነገር ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ረቂቅ ነው የሰጠኋት፤ ከሁሉም ያምራል ብዬ። ዝም ብላ አነበበች። እኔ ቅንድቧን ነው የማየው። ከፍ ሲል ደስ አላት እላለሁ፣ ዝቅ ሲል ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ጨርሳ ወረቀቱን አስተካክላ አጠፈችና፦

«ጥሩ ነው። ይቺ ልጅ ግን ማን ናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ እኮ፣ እትዬ!»

«እኔ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «እኔ ባሕሩን ያየሁት ሁለቴ ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍና አውሮፕላኑ ሲነሳ። የእኔ መስኮት የሚያየው የሌላ ፎቅ ግድግዳ ነበር።»

መልስ አጣሁ። እሷ ስኒዎቹን እየሰበሰበች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ቀስ ብላ ጨመረች፦

«አንቺ ልጅ፣ እንዴት እንደኖርኩ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ጠይቄያት አላውቅም። ስምንት ዓመት ርቃ፣ ከተመለሰችም በኋላ በአንድ ጣሪያ ስር ስንኖር፣ አንድም ቀን «እንዴት ነበር?» አላልኳትም። ለምን ልጠይቃት? መጻሕፍቱ ነግረውኛላ! ስደተኛ ሴት መስኮት ላይ ቆማ ታለቅሳለች። አበቃ!

ነገሩ ለምን ይጋባል?

እንግዲህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባህ። አንተ ላይ የደረሰው በሽታ አይደለም። ሁለት ወር ጎንደር ከርሞ የተመለሰ ሰው ሳያስበው አነጋገሩ እንደሚለወጥ ታውቃለህ። ጆሮ የሰማውን አፍ ይደግመዋል። መጽሐፍም እንደዚያው ነው። ደራሲው ለአስር ቀን ማታ ማታ ጆሮህ ስር ሲያወራ ከርሞ ጠዋት ብዕር ስታነሳ የእሱ ዜማ ቢቀድምህ ምን ይገርማል?

አንዳንዴ ደግሞ ከዜማ አልፎ ቃሉ ራሱ ይመጣል። የሔለን ኬለርን ታሪክ ስሙኝ። ገና በሕፃንነቷ በሕመም ዓይኗም ጆሮዋም የጠፋ አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1891 የ11 ዓመት ልጅ ሳለች ስለ ውርጭ ንጉሥ አንዲት ተረት ጽፋ ለትምህርት ቤቷ ኃላፊ ለልደቱ በስጦታ ላከችለት። ሰውዬው ተደንቆ አሳተመው። በ1892 ግን ጉድ ተሰማ። ተረቱ ማርጋሬት ካንቢ የምትባል ደራሲ ቀደም ብላ ካሳተመችው ተረት ጋር በብዙ ቦታ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ልጅቷ ሰርቃ ነው? አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1888 የበጋ ወራት፣ ያ ተረት መዳፏ ላይ በጣት ፊደል ተነቦላት ነበር። መነበቡን ረሳችው፤ ቃሉ ግን ውስጧ ቀረ። ጊዜው ሲደርስ «የእኔ ነኝ» ብሎ ወጣ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሸንጎ ተቀምጠው፣ የምትወዳትን አስተማሪዋን ከክፍሉ አስወጥተው ያቺን ሕፃን መረመሯት። ያን ሌሊት እንዴት እንዳለቀሰች በ1903 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ላይ ተርካዋለች። ከዚያ በኋላ ለእናቷ ደብዳቤ ስትጽፍ እንኳ ድንገት ፍርሃት ይይዛትና ዓረፍተ ነገሩን ደጋግማ ትመረምረው ነበር፤ ከመጽሐፍ የመጣ እንዳይሆን ብላ። አየህ ወንድሜ? «ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» ስትለኝ እሷ ናት ትዝ ያለችኝ።

ይህን ታሪኳን ያነበበው ዝነኛው ደራሲ ማርክ ትዌይን ደብዳቤ ጻፈላት። በመርማሪዎቿ እጅግ ተናዶ ነበር። ምክንያቱም በእሱም ደርሷል። አንድ ጊዜ ታሞ ተኝቶ ሳለ የኦሊቨር ዌንደል ሆምስን የግጥም መጽሐፍ ደጋግሞ አንብቦ ነበር። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1869 በታተመ የራሱ መጽሐፍ መግቢያ ላይ የመታሰቢያ ቃል ጻፈ። አንድ ወዳጁ ነው ኋላ የሆምስ መሆኑን ያሳየው። ትዌይን ደንግጦ ለባለቤቱ የይቅርታ ደብዳቤ ላከ። ሆምስም አልተቀየመም፤ ሁላችንም ያነበብነውን ሳናውቀው የራሳችን አድርገን እንደምንሠራበት በደግ ቃል መለሰለት።

ስለዚህ ያንተ ጓደኞች ሲስቁ አንተም ሳቅ። ከዚያ ግን ቤትህ ግባና ያ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ በደንብ ፈልግ። ካገኘኸው አውጣው። ሆምስ ደግ ነበር፤ ሁሉም ሰው ሆምስ አይደለም።

ታዲያ ማንበብ ይቁም?

በጭራሽ! ያላነበበ ሰው የራሱ ድምፅ አለው ያለህ ማነው? የማያነብ ሰው በየቀኑ የሚሰማውን ወሬ ነው የሚደግመው። መጽሐፍህን ብትሸጥ ስልክህን አትሸጥም። ቴሌግራም ላይ የሚነበበው ተከታታይ ታሪክ፣ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ እሱም ንባብ ነው፣ እሱም ይጋባል። እንዲያውም ከስብሐት የከፋ ይጋባል። የስብሐትን ሰው ቶሎ ያውቀዋል፤ የስልኩን ግን ሁላችንም ስለምንጽፈው ማንም አይለየውም።

መጽሐፍ በር ይከፍታል። ኮሎምቢያዊው ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ሜክሲኮ ሲገባ መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ ግን መንገዱ ተዘግቶበት ብዕሩ ደርቋል። አንድ ወዳጁ የሁዋን ሩልፎን «ፔድሮ ፓራሞ» የምትባል ቀጭን መጽሐፍ ሰጠው። በዚያው ሌሊት ሁለቴ አነበባት። ብዙ ቦታዋን በቃሉ ያዘ። ከዚያ የመጣው በ1967 የታተመው «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ያን መጽሐፍ የተረከው በሩልፎ ድምፅ አልነበረም። የልጅነት አያቱ ተረት ስትነግረው፣ ጉደኛውን ነገር ሁሉ ፊቷ ሳይለዋወጥ በምትናገርበት ድምፅ ነው። እሱ ራሱ ነው ይህን የተናገረው። መጽሐፉ በሩን ከፈተለት፤ በበሩ የገባችው አያቱ ናት።

ይሄ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤትን ሥርዓት አስታውሱ። ተማሪው መጀመሪያ መምህሩን ይሰማል፣ መንገዱን ያጠናል፣ ከሌላው ቅኔ ስልት ይማራል። ከዚያ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ይቆጥራል፤ ብቻውን ወጣ ብሎ፣ ተከናንቦ። ያሰበውን መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል። ቅኔ ማውጣቱም «ዘረፋ» ነው የሚባለው! ግን የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያቀርበው ነውር ነው። ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። እንግዲህ አባቶቻችን መስማትንም፣ መኮረጅንም፣ አዲስ መሆንንም በአንድ ቤት ነው ያስተማሩት። ማንም «የራስህን እስክታገኝ ጆሮህን ድፈን» አላለም።

የሕጉ መጽሐፍ

አሁን ወደ እትዬ ልመለስ። ከዚያ እሁድ በኋላ ሦስቱንም ረቂቅ አልጋ ስር ከተትኳቸው። ለወራት አልጻፍኩም። ማንበብም አስጠላኝ፤ ልክ እንዳንተ።

አንድ ቀን ስለ ፈረንሳዊው ደራሲ ስታንዳል አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1839 የታተመውን ትልቅ ልብ ወለዱን ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ነው የጨረሰው። እና ሲጽፍ ሰንብቶ በየጠዋቱ የሚያነበው ምን ነበር መሰላችሁ? የአገሩን የፍትሐ ብሔር ሕግ! ሁለት ሦስት ገጽ። ብዕሩ እንዳይሽሞነሞን፣ ቃሉ ደረቅና ትክክለኛ እንዲሆን ብሎ። ለባልዛክ በ1840 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነው ይህን የገለጸው።

እኔም «ምን አጣለሁ» አልኩ። ግቢያችን የሚከራይ የሕግ ተማሪ አለ። የእኛን አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952ቱን፣ ለመንኩት። የሚገርመው ያንንም ያረቀቀው ፈረንሳዊ ነው፤ ሬኔ ዳቪድ ይባላል። ልጁ «ተከሰሽ እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ሰጠኝ።

ጠዋት ጠዋት ማንበብ ጀመርኩ። እውነትም ደረቅ ነው። እንባ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ግራጫ ዓይን የለ። «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ስለ ቤት ሠራተኛ ውል የሚናገር ክፍል አለው። ሠራተኛው አሠሪው ቤት የሚኖር ከሆነ አሠሪው ስለ ማደሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ጊዜው ማሰብ አለበት ይላል፤ ጤናውና ክብሩ እንዲጠበቅ።

ማደሪያ። ምግብ። የዕረፍት ጊዜ። ሦስት ደረቅ ቃላት! ሕጉ የእኛው አገር ነው፣ ቤይሩት ድረስ እጁ አይደርስም። ግን አእምሮዬ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ፈጠረ፤ እትዬ የት ነበር የምትተኛው? ስንት ሰዓት?

ማታ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ እዚያ ስንት ሰዓት ነበር የምትተኚው?»

ቢላዋው ቆመ። «ሰዓቱን በምን አውቀዋለሁ?» አለች። «ስልኬን ማዳም ይዛዋለች። ማድ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍሌ ውስጥ ሰዓት የለም። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። እኔ ሰዓት የማውቀው በሊፍቱ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ የሚወርደው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እሱ ሲወርድ ‹ገና ሁለት ሰዓት አለኝ› ብዬ እገላበጣለሁ። ከዚያ ነርሷ። ከዚያ ተማሪዎቹ። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። እዚያም መብራት ይጠፋል፣ ያውም በየቀኑ! መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል። ሊፍቱ ሲቆም ሰዓቱ ይጠፋኛል። ያን ሌሊት አልተኛም። ተኝቼ ብገኝስ?»

ይህን ተናግራ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ «ሽንኩርቱ ነው» አለችኝ። እኔም አመንኳት መሰልኩ።

ያ የሊፍት ድምፅ ካነበብኳቸው መጻሕፍት በአንዱም ውስጥ አልነበረም። በስብሐትም የለ፣ በሀዲስም የለ። እትዬ ደረት ውስጥ ስምንት ዓመት፣ ከዚያም እኔ አልጠይቅ ብዬ ሌላ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ምክሬ

ወንድሜ፣ ካየሁት ተነስቼ የምመክርህ ይህን ነው።

አንደኛ፣ ረቂቅ ስትጀምር ከወረቀቱ አናት ላይ ትራስጌህ ያለውን መጽሐፍ ስም ጻፍ። ስልክ ከሆነም «ስልክ» በል። ከወር በኋላ ስታነበው የትኛው ዓረፍተ ነገር የማን እንደሆነ እንደ መስታወት ያሳይሃል። እኔ ሦስቱን ረቂቆች ከአልጋ ስር አውጥቼ እንዲህ ሳደርግ አፍሬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ሁለተኛ፣ በምትጽፍበት ሰሞን ከምትጽፈው ራቅ ያለ ነገር አንብብ። የፍቅር ታሪክ እየጻፍክ የፍቅር ልብ ወለድ አታንብብ። ታሪክ፣ ሕግ፣ የእርሻ መጽሐፍ፣ የመድኃኒት መመሪያ አንብብ። ሄሚንግዌይ የዕለቱን ጽሑፍ ከጨረሰ በኋላ የሌሎችን ደራስያን መጽሐፍ ያነብ የነበረው ሐሳቡ እስከ ማግስቱ ከራሱ ታሪክ ላይ እንዲያርፍለት ነው። ንባብ ማረፊያም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ መኮረጅ ካማረህ ዓይንህን ገልጠህ ኮርጅ። አንድ ገጽ ልክ እንደ አዳም፣ አንድ ገጽ ልክ እንደ በዓሉ ግርማ ጻፍ። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንም ልጅ ሳለ የሚያደንቃቸውን ደራስያን እየኮረጀ ራሱን እንዳስተማረ በኩራት ጽፏል። ስልታቸው ይገባሃል። ከዚያ ገጹን ቅደደው! ተማሪ ቤት የሠራኸውን መልመጃ ለሰርግ አትለብሰውም።

አራተኛ፣ እየቀለለህ የመጣን ዓረፍተ ነገር ጠርጥረው። ቃሉ ሳትለፋ ከመጣ፣ ያውም አምሮና ተኳኩሎ ከመጣ፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» በለው። አንዳንዱ የራስህ ነው። አንዳንዱ ግን አባቱ ሌላ ነው።

አምስተኛውና ትልቁ፣ ስለምታውቀው ሰው የምትጽፍ ከሆነ ያን ሰው ጠይቀው። ከመጻፍህ በፊት፣ ከማንበብህም በፊት። «አዘንክ ወይ?» ብለህ አይደለም፤ ያማ መልሱ ይታወቃል። የት ትተኛ ነበር? ምን ትበላ ነበር? በሩ ይቆለፍ ነበር? እንዲህ ነው የሚጠየቀው።

ጥሩ መጽሐፍን የምለየው አሁን በዚህ ነው። አንብቤው ስነሳ ቃል ብቻ ከሰጠኝ እጠነቀቀዋለሁ። ሰው የምጠይቀው ጥያቄ ከሰጠኝ ግን ትራስጌዬ ይደር።

ከመሰነባበታችን በፊት

አራተኛውን ረቂቅ ጽፌ ጨረስኩ። ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው። ባሕር የለበትም። እትዬ አነበበችው። ይህን እዚህ እንዳወራችሁም ፈቅዳልኛለች፤ «ስሜን ብቻ እንዳትጽፊ» ብላ።

አንብባ ስትጨርስ «ጥሩ ነው» አላለችኝም። ወረቀቱ ላይ ጣቷን አሳርፋ አንዲት መስመር አሳየችኝ።

«ዳቦ ጋጋሪው አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው» አለች። «አንቺ አምስተኛ ብለሻል።»

እስክሪብቶ አምጥቼ አረምኩት። እስካሁን የትም አላሳተምኩትም፣ አልቸኮልኩምም። «ይቺ ልጅ ማን ናት?» ብላ ግን አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለነጋዴው «ይቅርታ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ» በለው። ዛሬ ማታ አንዱን መጽሐፍ አንብብ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ከመጻፍህ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አንድ ነገር ጠይቅ። ምን እንደመለሰልህ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱልኝ!